የክብር ማኅበር ለሕክምና ተማሪ ይጠቅመዋልን?

(በሬዲዮ ከተሰማ ንግግር የተወሰደ)



ከጋይንት፣ ከስማዳ ወይም ከእስቴ መጥቶ በከተማ በመንግሥት ሥራ ላይ የሚገኝ ሰው የወር ደመወዙን በተቀበለ ጊዜ አስቀድሞ የሚያስባቸው ሦስት ነገሮች አሉ። አንደኛው የቤት ኪራይ ነው፤ ሁለተኛው የራሱ ልጆች ትምህርት ነው፤ ሦስተኛው ደግሞ ከአገር ቤት ወጥቶ ወደ ሕክምና ትምህርት ቤት የገባው የወንድሙ ወይም የእኅቱ ልጅ ነው። ይህ ሦስተኛው የቤተ ዘመዱ ሁሉ ተስፋ ስለ ሆነ፣ የሚጠይቀው ነገር በቀላሉ እምቢ አይባልም።

እንግዲህ ይህ ልጅ አንድ ቀን ማታ ስልክ ደውሎ እንዲህ አለ እንበል፤ «ጋሼ፣ በክፍላችን ከፍ ያለ ውጤት ያገኘን ተማሪዎች ወደ አንድ የክብር ማኅበር እንድንገባ ተጠርተናል። ስሙ በውጭ አገር የታወቀ ነው ይላሉ፤ ለመግቢያ የሚከፈል ገንዘብም አለው። ምን ይሉኛል፤ ልግባ ወይስ ልተወው?»

አጎትዬው ደስ ይለዋል፤ ወዲያውም ይጨነቃል። ደስ የሚለው «ክብር» የሚለውን ቃል ስለ ሰማ ነው። የሚጨነቀው ደግሞ ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ፣ ከተከፈለም በኋላ ለልጁ ምን እንደሚያተርፍለት ስለማያውቅ ነው። የዛሬው ንግግራችን ለዚህ አጎት መልስ ይሆነው ዘንድ የተዘጋጀ ነው።

በመጀመሪያ የክብር ማኅበር ማለት ምን ማለት እንደ ሆነ እንመልከት። የክብር ማኅበር በትምህርታቸው ወይም በጠባያቸው ብልጫ ያሳዩ ተማሪዎች ተመርጠው የሚገቡበት ማኅበር ነው። ልማዱ የተጀመረው በአሜሪካ ሲሆን፣ ከሁሉ የቀደመው ፋይ ቤታ ካፓ የሚባለው በ1776 እ.ኤ.አ. በቨርጂኒያ በዊልያም ኤንድ ሜሪ ኮሌጅ ተመሠረተ። ከእርሱ በኋላ የተነሡት ብዙዎቹ ማኅበራት የእርሱን አርአያ ተከትለው በግሪክ ፊደላት ተሰይመዋል።

በሕክምና በኩል ስሙ ከፍ ብሎ የሚታወቀው አልፋ ኦሜጋ አልፋ ነው። ይህን ማኅበር በ1902 እ.ኤ.አ. በቺካጎ ከተማ ዊልያም ሩት የተባለ የሕክምና ተማሪ ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ አቋቋመው። ያነሣሣውም ምክንያት በዚያን ጊዜ የነበሩት የሕክምና ተማሪዎች ጠባይ የላላ፣ ለዕውቀትም ያላቸው ትጋት ያነሰ ሆኖ ስላገኘው ነው። ነገ የሰው ሕይወት የሚረከብ ሰው ዛሬ በትምህርቱ ሊያላግጥ አይገባውም ብሎ አሰበ። እንግዲህ ማኅበሩን የወለደው እፍረት ነበር ማለት ይቻላል። የማኅበሩ መሪ ቃልም ሰው መከራ ላይ ያለውን ለማገልገል የተገባ ይሁን የሚል ሐሳብ የያዘ ነው።

ይህ ማኅበር ለአባሎቹ ምን ይሰጣል? በአሜሪካ አንድ የሕክምና ተማሪ ትምህርቱን ሊጨርስ ሲቃረብ በአንድ የሕክምና ዘርፍ ለመሠልጠን ወደ ልዩ ልዩ ሆስፒታሎች ያመለክታል። በማመልከቻው ላይ የዚህ ማኅበር አባል መሆኑ ተጽፎ ሲገኝ፣ መራጮቹ በበጎ ዓይን ያዩታል፤ ይልቁንም ብዙ አመልካች ለጥቂት ቦታ በሚሽቀዳደምባቸው ዘርፎች ጥቅሙ ጎልቶ ይታያል። ከዚህም ሌላ ማኅበሩ ለተማሪዎች ምርምርና አገልግሎት የገንዘብ ርዳታ ይሰጣል፤ ከታላላቅ ሐኪሞችም ጋር ያስተዋውቃል። ይህ ሁሉ እውነተኛ ጥቅም ነውና መካድ አይገባም።

ነገር ግን ጥቅሙ ከአገሩ አሠራር ጋር የተያያዘ መሆኑን ማስተዋል ያስፈልጋል። በእኛ አገር አንድ ጠቅላላ ሐኪም ወደ ስፔሻሊስትነት ሥልጠና የሚገባው በዋናው በመግቢያ ፈተና ነው። ወደ አሜሪካ ሄዶ ሊሠለጥን የሚሻ ኢትዮጵያዊ ሐኪምም ቢሆን አስቀድሞ የሚጠየቀው የዚያን አገር የሐኪሞች ፈቃድ ፈተና ማለፉንና ትምህርቱ ተመርምሮ መረጋገጡን ነው። የማኅበር ወረቀት የፈተናን ቦታ አይተካም። ስለዚህ አጎትዬው «ይህ ወረቀት ለልጄ በር ይከፍትለታል» ብሎ ቢበደር፣ የተበደረው በሩ የሌለበትን ቤት ቁልፍ ለመግዛት ነው።

በዚያው በአሜሪካ ደግሞ ሌላ ዓይነት ማኅበር በ2002 እ.ኤ.አ. ተቋቁሟል። ስሙ ጎልድ የሰብአዊነት የክብር ማኅበር ይባላል። በዚህ ማኅበር ምርጫ ተማሪዎች ራሳቸው ከመካከላቸው ለበሽተኛ ርኅራኄ የሚያሳየው፣ ለባልደረባ የሚታመነው ማን እንደ ሆነ ይጠቁማሉ። አብሮ አዳሪን የሚያህል ምስክር የለምና ይህ አካሄድ ከውጤት ወረቀት የማይገኝ ነገር ሊያሳይ ይችላል። ፈታኝ ያላየውን ጓደኛ ያያል፤ በሌሊት ተረኛነት ላይ ማን እንደ ተኛና ማን እንደ ቆመ ጓደኛ ያውቃል።

አሁን ወደ ጉድለቱ እንለፍ። ሰው ሰውን ሲመርጥ የመራጩ አድልዎ አብሮ ይገባል። በ2017 እ.ኤ.አ. በአንድ የታወቀ የአሜሪካ የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት እንዳመለከተው፣ የፈተና ውጤትና ሌላም ነገር ከግምት ከገባ በኋላ እንኳ፣ ነጮቹ ተማሪዎች ወደ አልፋ ኦሜጋ አልፋ የመመረጥ ዕድላቸው ከጥቁሮቹ ወደ ስድስት እጥፍ የሚጠጋ ሆኖ ተገኝቷል። በዚህ ምክንያት በኒው ዮርክ የሚገኘው የማውንት ሳይናይ የሕክምና ትምህርት ቤት በ2018 እ.ኤ.አ. ተማሪዎችን ወደዚህ ማኅበር መምረጡን አቆመ።

ይህ የባሕር ማዶ ወሬ ነው ብለን እንዳናልፈው፣ ወደራሳችን ልጅ መልሰን እንየው። ከነፋስ መውጫ፣ ከወገዳ ወይም ከመካነ ኢየሱስ የሄደ ልጅ አንደኛ ደረጃን በአማርኛ የተማረ ነው። በከተማ ከሕፃንነቱ ጀምሮ እንግሊዝኛ ሲሰማ ካደገው ልጅ ጋር በአንድ ክፍል ሲቀመጥ፣ በመጀመሪያው ዓመት ውጤቱ ዝቅ ማለቱ አይቀርም። በአራተኛውና በአምስተኛው ዓመት፣ ከበሽተኛ አልጋ አጠገብ መማር ሲጀመር ግን፣ ያ የገጠር ልጅ የገበሬውን ቋንቋና አኗኗር ያውቃልና «ልቤን ወጋኝ»፣ «ሆዴን ቆረጠኝ» ሲባል ምን ማለት እንደ ሆነ ከመጽሐፍ አይፈልግም። የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ውጤት ብቻ ደምሮ አባል የሚመርጥ ማኅበር እንዲህ ያለውን ልጅ ያልፈዋል። የታለፈውም ልጅ «እኔ የማልረባ ነኝ» ብሎ ቢያስብ ጉዳቱ ለራሱ ብቻ አይሆንም።

ሦስተኛ ዓይነትም አለ። በኢንተርኔት «ተመርጠሃል» የሚል ደብዳቤ ይልካል፤ የመረጠው ማን እንደ ሆነና በምን እንደ መረጠው ግን አይናገርም። ገንዘቡን ሲቀበል ያማረ ወረቀት ይልካል፤ በዓመቱም ሌላ ገንዘብ ይጠይቃል። ይህ ክብርን እንደ ሸቀጥ መቸርቸር ስለ ሆነ ስለ እርሱ ብዙ መናገር አያስፈልግም።

እንግዲህ አንዱን ማኅበር ከሌላው የምንለይበት ሚዛን ምንድን ነው? ለዚህ የጋይንት ሰው ወደ ሩቅ አገር መሄድ አያሻውም፤ ሚዛኑ በገዛ አገሩ ይገኛል።

በጋይንት የምትገኘው ቤተልሔም የድጓ ምስክር ቤት እንደ ሆነች የቤተ ክህነት ትምህርት የሚያውቅ ሁሉ ያውቃል። ዙር አምባም የዝማሬና የመዋሥዕት ምስክር ቤት ነው። አንድ ተማሪ ድጓን በየትኛውም አገር፣ ከየትኛውም መምህር እግር ሥር ተቀምጦ ሊማር ይችላል፤ ነገር ግን «ዐወቀ» ተብሎ የሚጸናለት ቤተልሔም ወርዶ ሲመሰክር ነው። ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ቁራሽ እየለመነ እንደ ገና ይቀመጣል። ዜማው ይሰማል፤ ምልክቱ ይታያል፤ የተሳሳተው ይታረማል። ያለፈው መምህሩ ስም ቢገንን፣ የአባቱ ርስት ቢሰፋ፣ ለዚህ የሚሆን አይደለም። ሲበቃ ይመሰከርለታል፤ ካልበቃ ይቆያል።

በዚህ ሥርዓት ውስጥ ልናስተውላቸው የሚገቡ ሦስት ነገሮች አሉ።

አንደኛ፣ የተማሪው ዕውቀት የሚለካው ከባልንጀራው ጋር ተነጻጽሮ ሳይሆን ከትምህርቱ ከራሱ ጋር ነው። የክብር ማኅበር ከክፍሉ ጥቂቱን ይመርጣል፤ የቀሩት ምንም ያህል ቢያውቁ ቦታ የላቸውም። በቤተልሔም ግን አሥርም ይምጡ መቶ፣ የበቁት ሁሉ ይመሰከርላቸዋል፤ ከሁሉ የተሻለው እንኳ ካልበቃ አይመሰከርለትም። ለበሽተኛ የሚሻለው የትኛው ነው? በስማዳ ቆላ በወባ የምትንቀጠቀጥ እናት የምታገኘው ሐኪም ከክፍሉ ስንተኛ እንደ ወጣ አትጠይቅም፤ የምትፈልገው የበቃ ሐኪም ነው።

ሁለተኛ፣ ምስክርነቱ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ድኻውም ሀብታሙም በአንድ በር ይገባሉ።

ሦስተኛውም ከሁሉ የሚበልጠው ነው። የተመሰከረለት ሰው የሚቀበለው ሸክም ነው። ወደ አገሩ ተመልሶ ወይም ወደ ተመደበበት ደብር ሄዶ ጉባኤ ዘርግቶ ያስተምራል። «የቤተልሔም ምስክር ነው» የተባለ ሰው በክብረ በዓል ሌሊት ማኅሌት ሲቆም የሚሳሳት ከሆነ፣ ስሙ ራሱ መሳለቂያ ይሆንበታል። ክብሩ በየጊዜው በሥራ ይፈተናልና።

«ማኅበር» የሚለውም ቃል በእኛ ዘንድ ይህንኑ ይነግረናል። የጽዋ ማኅበር የገባ ሰው ተራው ሲደርስ ቤቱን አዘጋጅቶ፣ ጠላውን ጠምቆ፣ ዳቦውን ጋግሮ ማኅበርተኛውን ያስተናግዳል። ዕድር የገባ ሰው ለቀስተኛ ቤት ድንኳን ይተክላል፤ ቀብር ካልወጣ ይቀጣል። ተራ የሌለበት፣ ሸክም የሌለበት ማኅበር አያቶቻችን አያውቁም ነበር። እንግዲህ የክብር ማኅበርንም በዚሁ መመዘን ነው። ማኅበሩ የሚያስከብርህ በሚያሸክምህ መጠን ነው።

ይህ አስተሳሰብ ለአገራችን የሕክምና ትምህርትም እንግዳ አይደለም። በ1947 ዓ.ም. በጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ በተቋቋመ ጊዜ፣ ጤና መኮንኖች፣ የኅብረተሰብ ነርሶችና የጤና ጥበቃ ሠራተኞች በአንድነት እንዲሠለጥኑ ተደርጎ ነበር። ተማሪዎቹ በቡድን ሆነው እንደ ቆላ ድባ ወዳሉ ጤና ጣቢያዎች ይወጡና በሽተኛ ማከምን፣ ምንጭ ማጎልበትን፣ መጸዳጃ ማስቆፈርን፣ እናቶችን መምከርን በአንድ ላይ ይማሩ ነበር። በ1978 እ.ኤ.አ. በላይፕዚግ ዩኒቨርሲቲ ርዳታ የሐኪሞች ትምህርት በዚያው ከተከፈተ በኋላም፣ ኮሌጁም የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከሆነ በኋላ፣ ይህ በቡድን ወደ ገጠር የመውጣት ልማድ ቀጥሏል። በእንዲህ ያለ ቡድን ውስጥ ሐኪሙ ከነርሷ፣ ነርሷም ከጤና ጥበቃው ሠራተኛ ሥራ ይማራሉ። ማን አንደኛ ወጣ የሚለው ጥያቄ ምንጩ ንጹሕ ሆነ ወይ በሚለው ይተካል።

ክብር ከሥራ በኋላ እንደሚመጣም ሁለት የአገራችን ሰዎች ይመሰክሩልናል። አንደኛው በጎንደር የተወለዱት ወርቅነህ እሸቴ ናቸው። በ1868 እ.ኤ.አ. ከመቅደላ ጦርነት በኋላ ገና ሕፃን ሳሉ በእንግሊዝ መኮንን ወደ ህንድ ተወሰዱ፤ በላሆር ሕክምና ተማሩ፤ በኋላም ወደ አገራቸው ተመልሰው አገለገሉ። ሕዝቡ የሰጣቸው ማዕረግ አንድ ቃል ነው፤ «ሐኪም» አላቸው። እስከ ዛሬም ሐኪም ወርቅነህ ሲባል ሌላ መግለጫ አያስፈልግም።

ሁለተኛዋ ማሚቱ ጋሼ ናቸው። እኒህ ሴት በገጠር ተወልደው በልጅነታቸው ምጥ ስለ ጸናባቸው ፊስቱላ ደረሰባቸው፤ ለመታከምም አዲስ አበባ መጡ። ፊደል ያልቆጠሩ ነበሩ። ከታከሙ በኋላ ከሐኪሞቹ ከሬጂናልድና ከካትሪን ሃምሊን ዘንድ ቀርተው፣ መጀመሪያ አልጋ በማንጠፍ፣ ቀጥሎ በቀዶ ሕክምና ክፍል መሣሪያ በማቀበል፣ በመጨረሻም ራሳቸው ቀዶ ሕክምና በመሥራት እንደ እርሳቸው የተጎዱትን ሴቶች አዳኑ። በ1989 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ የቀዶ ሐኪሞች ሮያል ኮሌጅ ከሁለቱ ሐኪሞች ጋር የወርቅ ሜዳልያ ሸለማቸው። በማናቸውም የተማሪዎች የክብር ማኅበር መዝገብ ውስጥ ሊገቡ የማይችሉ ሴት፣ ማኅበራቱ ሁሉ የሚመኙትን ክብር አገኙ።

ይህን ስንል ግን የክብር ማኅበር ሁሉ ከንቱ ነው ማለታችን አይደለም። የደከመ ተማሪ ድካሙ ሲታይለት ይበረታል። በአገራችን የሕክምና ትምህርት ቤቶች በማዕረግ መመረቅ፣ ሜዳልያና ዋንጫ መቀበል የቆየ ልማድ ነው፤ የልጁን ሜዳልያ አንገቷ ላይ አጥልቆላት የምታለቅስ የእስቴ እናት ደስታዋ ሊነቀፍ አይገባም። የምንለው፣ ከመግባት በፊት ይመርመር ነው። ስለዚህ አጎትዬው ለልጁ መልስ ከመስጠቱ አስቀድሞ አራት ጥያቄዎችን ይጠይቀው።

የመጀመሪያው፣ «የመረጠህ ማን ነው?» የሚል ነው። በራሱ ትምህርት ቤት ያሉ መምህራንና ጓደኞች ከሆኑ፣ ሥራውንም አይተው ከሆነ መልካም ነው። ስሙን ብቻ የሚያውቅ ሩቅ መሥሪያ ቤት ከሆነ ይቅርበት።

ሁለተኛው፣ «የመረጡህ በምን ነው?» የሚል ነው። በውጤት ብቻ ነው ወይስ በሽተኛ በመንከባከብና ደካማ ጓደኛን በመርዳት ጭምር?

ሦስተኛው፣ «ገንዘቡ ስንት ነው፤ ለምንስ ይውላል?» የሚል ነው። የገንዘቡ ልክ አንድ የሕክምና መጽሐፍ ወይም የልብ ማዳመጫ የሚያስቀር ከሆነ፣ መጽሐፉና ማዳመጫው ይቅደሙ።

አራተኛውና ዋናው፣ «ከገባህ በኋላ ተራህ ምንድን ነው?» የሚል ነው። ማኅበሩ አባሎቹን የታችኛውን ክፍል ተማሪዎች እንዲያስጠኑ፣ በዕረፍት ጊዜ በየጤና ጣቢያው እንዲያገለግሉ፣ ምርምር እንዲያደርጉ የሚያዝዝ ከሆነ፣ ልጁ ይግባ፤ አጎቱም ገንዘቡን ደስ ብሎት ይክፈል። ተራ የሌለው፣ ስምና ወረቀት ብቻ የሚሰጥ ከሆነ ግን ቢቀርበት አይጎዳም። ማገልገል የሚወድ ተማሪ ሳይመረጥም የሚገባበት የኢትዮጵያ የሕክምና ተማሪዎች ማኅበር አለ፤ ከእርሱም ውጭ ቢሆን ከመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች አምስቱን ሰብስቦ የሰውነት ክፍሎችን ትምህርት ለማስጠናት የማንንም ፈቃድ አይሻም።

ለዩኒቨርሲቲ መምህራንም አንድ ቃል እንጨምር። በጎንደርም ሆነ በደብረ ታቦር ወይም በሌላ የሕክምና ትምህርት ቤት እንዲህ ያለ ማኅበር ለማቋቋም የሚታሰብ ቢሆን፣ ምርጫው ከበሽተኛ አልጋ አጠገብ ከታየ ሥራ በኋላ ይሁን፤ የነርሶችም ቃል ይሰማ፤ አባልነቱም በገጠር አገልግሎት የሚጸና ይሁን። እንዲህ ከሆነ የቤተልሔምን ሥርዓት በሐኪም ነጭ ካባ አለበስነው ማለት ነው።

በመጨረሻ ከጉና ተራራ ማዶ ያለውን አገር እናስብ። መኪና ከማይደርስበት ቀበሌ፣ ምጥ የጸናባትን ሴት ጎረቤቶቿ በቃሬዛ ተሸክመው ገደሉን እየተፈራረቁ ይወጣሉ። አንዱ ትከሻ ሲደክም ሌላው ይተካል። ይህ ማኅበር ስም የለውም፤ ወረቀትም አይሰጥም፤ ነገር ግን ማንም ተራውን አያልፍም። ከጤና ጣቢያው ወደ ነፋስ መውጫ ወይም ወደ መካነ ኢየሱስ ሆስፒታል በደረሰች ጊዜ፣ የመጨረሻውን ተራ የሚቀበለው ያ በስልክ የጠየቀው ልጅ ሊሆን ይችላል። በዚያች ሰዓት ከእርሱ የሚፈለገው እጁና ዕውቀቱ ነው።

ስለዚህ አጎትዬው እንዲህ ብሎ ይመልስለት፤ «ልጄ፣ ከመጠምጠም መማር ይቅደም ብለዋል አባቶቻችን። ማኅበሩ የሚያስተምርህና የሚያሠራህ ከሆነ ግባ፤ እኔም ያቅሜን እልክልሃለሁ። ሊያስጠመጥምህ ብቻ ከሆነ ግን ገንዘቡን ለመጽሐፍ አድርገው። ቤተ ዘመዱ የሚጠብቅህ ደርሰህ ተራህን እንድትቀበል ነው።»